ጓንቱ ጸንቷል፣ አየሩስ?

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአሜሪካ አብዛኛው የጥርስ ሐኪም የሚሠራው በባዶ እጁ ነበር። ደም የነካ እጁን ታጥቦ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ይሻገራል። ይህን ልማድ የሰበረው ኤች አይ ቪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በፍሎሪዳ አንዲት ወጣት ቫይረሱ የተላለፈባት ከጥርስ ሐኪሟ ሳይሆን እንዳልቀረ አስታወቀ። ኪምበርሊ በርጋሊስ ትባላለች። ኋላም የዚያው ሐኪም ታካሚዎች የነበሩ ሌሎች አምስት ሰዎች ተገኙ። ቫይረሱ በምን መንገድ እንደተላለፈ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። በርጋሊስ በ23 ዓመቷ፣ በዲሴምበር 1991 አረፈች። በዚያው ወር የወጣው የሥራ ደኅንነት ደንብ ሠራተኛው ለደም የሚጋለጥበት አሠሪ ሁሉ ጓንት፣ ጭምብልና የዓይን መከላከያ እንዲያቀርብ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በራሱ ወጪ ለሠራተኛው እንዲያዘጋጅ አስገደደ። ጓንት የጸናው ሰው ስለደነገጠ ብቻ አይደለም። ድንጋጤው ሳይበርድ ሕግ ስለሆነና ከፋዩም ስለታወቀ ነው።

ደንቡ የተጻፈው ግን በደም ለሚተላለፍ በሽታ እንጂ በአየር ለሚተላለፍ አልነበረም። የጥርስ መሰርሰሪያው በደቂቃ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ጥርሱ እንዳይግል ውኃ እየረጨ ነው የሚሠራው፤ ውኃው ከምራቅና ከደም ጋር ተቀላቅሎ ይበተናል። ትልልቁ ነጠብጣብ ፊትና ደረት ላይ ያርፋል፤ ደቃቁ አየር ላይ ተንሳፎ ይቆያል። ታካሚው ጭምብል ማድረግ አይችልም፤ የሐኪሙ ፊት ደግሞ ከአፉ አጠገብ ነው። ሌላ የሕክምና ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ርጭት በዚህን ያህል ቅርበት ማግኘት ይከብዳል።

ኮሮና ሲመጣ ፍርሃቱ የከፋው ለዚህ ነበር። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ማርች 16 ቀን 2020 አጣዳፊ ያልሆነ ሕክምና ሁሉ እንዲተላለፍ መከረ፤ እንግሊዝም በዚያው ወር መደበኛውን አገልግሎት አቆመች። የጥርስ እጥበት ይቆይ ይሆናል፤ መግል የቋጠረ ድድ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ መተንፈሻን ሊዘጋ ይችላል። መዝጋትም የራሱ አደጋ ነበረው።

ከዚያ በኋላ የታየው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። በጁን 2020 ከ2,000 በላይ አሜሪካውያን የጥርስ ሐኪሞች ሲጠየቁ በበሽታው የተያዙት፣ ተይዘዋል ተብሎ የሚገመቱት ጭምር፣ ከ100 አንድ አይሞሉም ነበር። ብዙዎቹ ሥራ የጀመሩት ገና በቅርቡ ስለነበር ቁጥሩን እንደ ዋስትና አልወስደውም። ሆኖም ታካሚን አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ፣ ኤን-95 ጭምብልና ርጭቱን ከአፍ ሳይወጣ የሚስበው ኃይለኛ መምጠጫ ብዙ እንደረዱ አምናለሁ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በርጭቱ ውስጥ ከተገኙት ተሕዋስያን የሚበዙት ከታካሚው ምራቅ ሳይሆን ከመሣሪያው ውኃ የመጡ መሆናቸውን አሳዩ። ስለ ኮሮና ዜናው የሚያጽናና ነው፤ ስለ ውኃው ቱቦ ንጽሕና ግን ሌላ ሥራ ይሰጣል።

በእንግሊዝ ክሊኒኮች ሲከፈቱ ርጭት ያለበት ሕክምና ካለቀ በኋላ ክፍሉ 60 ደቂቃ ባዶ እንዲቆይ ታዝዞ ነበር። በቀን የሚታየው ታካሚ በእጅጉ ቀነሰ። በኋላ ጊዜው የሚያጥረው አየሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ታይቶ ሆነ፤ ጥሩ አየር ማናፈሻ ያለው ክሊኒክ በሩብ ሰዓት ገደማ ቀጣዩን ታካሚ ማስገባት ቻለ። ደኅንነትና ገቢ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ከኮሮና ጋር አላበቃም። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ በሽታው ደግሞ የሚተላለፈው በአየር ነው። በአዲስ አበባ ብዙ የጥርስ ክሊኒክ ያለው በኪራይ ሕንጻ ውስጥ፣ ለቢሮ በተሠራ ክፍል ነው። መስኮቱ የማይከፈትም አለ። የሚሳል ታካሚ ሕክምናው ካላጣደፈ እስኪመረመር ቀጠሮው ይተላለፍ፤ ካጣደፈም የመጨረሻው ተረኛ ይሁን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አየር ማጣሪያው ግን ይጠይቃል፤ ክፍሉ ባዶ የሚቆይበት ሰዓትም ያስከፍላል። ተቆጣጣሪው ፈቃድ ሲያድስ የመሣሪያ ማምከኛው (አውቶክሌቩ) መሥራቱን እንደሚያይ ሁሉ የክፍሉን አየር ቢለካ፣ ወጪውንም ሐኪሙ፣ ታካሚው ወይስ መንግሥት እንደሚሸከመው ከወዲሁ ቢወሰን፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ክሊኒኮች በራቸውን መዝጋት ላያስፈልጋቸው ይችላል።