ስለ ቋሚ ነዋሪነት መብትና ግዴታ

በሰው አገር የሚቀመጥ ሰው እንግዳ፥ ነዋሪ ወይም ዜጋ ነው። እንግዳ ቀኑ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ዜጋ የአገሩ ባለቤት ነው፤ ነዋሪ ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ከየመንደሩ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ብዙ ልጆች የሚያገኙት ይህን መካከለኛውን ማዕርግ ስለ ሆነ፥ መምህራንና ሽማግሌዎች ነገሩን አውቀው ልጆቹ ሳይሄዱ በፊት ሊያስረዷቸው ይገባል።

በአሜሪካ የነዋሪነት ሥርዓት የሚመራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በወጣውና ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በተሻሻለው ሕግ ነው። የነዋሪነቱ ምስክር ግሪን ካርድ ይባላል። ይህን የያዘ ሰው በወደደው ክፍለ አገር ይቀመጣል፤ ለዜጋ ብቻ ከተለየው በቀር በማናቸውም ሥራ ይገባል፤ ቤትና ንብረት ያፈራል፤ የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ለማምጣት ያመለክታል። አባቱንና እናቱን ግን ዜጋ ሳይሆን ለማስመጣት አይችልም፤ ስለዚህ ወላጆች ልጃችን ረሳን ብለው በከንቱ አይቀየሙት።

መብት ባለበት ግዴታ አለ። ነዋሪው ገቢውን በእውነት አስታውቆ የሚገባውን ግብር ይከፍላል፤ 18 ዓመት ከሞላው ካርዱን ከራሱ አይለይም፤ ቤት ሲለውጥ በ10 ቀን ውስጥ ለመንግሥት ያስታውቃል፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነ ወንዶችም ስማቸው በወታደር መዝገብ እንዲገባ ሕጉ ያዛል።

ሰውን በድንገት የሚጥሉ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ርቆ መቆየት ነው። የታመመች እናቱን ሊያስታምም የመጣ ልጅ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአንድ ዓመት በላይ ቢቆይ፥ ካርዱ ለመግቢያ አይሆነውም፤ ነዋሪነቱንም ሊያጣ ይችላል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከአሜሪካ ሳይወጡ በፊት ነው፤ የሚያገለግለውም እስከ 2 ዓመት ነው። ሁለተኛው ለዜጋ ብቻ በተፈቀደ ምርጫ ድምፅ መስጠት፥ ወይም «ዜጋ ነኝ» ብሎ በሐሰት መፈረም ነው። ይህ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል፤ ስለዚህ ያላነበቡትን ወረቀት መፈረም አይገባም።

ነዋሪው 5 ዓመት ከተቀመጠ በኋላ፥ ጠባዩ መልካም ከሆነ፥ በቋንቋቸውና በመንግሥታቸው ሥርዓት ተፈትኖ፥ ምሎም ዜጋ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን በፈቃዱ ነው እንጂ በግድ አይደለም። ግሪን ካርድ መያዝ ኢትዮጵያዊነትን አያስቀርም፤ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የተቀበለ ግን በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱ ይቀርበታል።

እንግዴህ መምህር ሆይ፥ ተጓዡን ልጅ ስንቁን ሲሰንቁለት ይህንም ምክር ጨምርለት። ሽማግሌም ሆይ፥ ልጅህ ሊጠይቅህ በመጣ ጊዜ የሚመለስበትን ቀን አስቀድመህ ጠይቀው፤ ቀኑም ሲደርስ መርቀህ ስደደው።