ሰጋቱራው ሳንባችን ውስጥ እንዳይገባ



ውድ እህትና ወንድሞች! የክረምት ዕረፍት ሲደርስ ብዙዎቻችን ወደ ቤተሰብ ሥራ እንመለሳለን። አባቱ ወይም አጎቱ በግቢ ጥግ እንጨት የሚሠሩለትን ተማሪ መጋዝና መላጊያ ይጠብቁታል። ሙያው የተከበረ ነው፤ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ እንደነበሩ በሐዲስ ተዘግቧል። ነገር ግን ሐላል ሪዝቅ ስንፈልግ አላህ በአማና የሰጠንን ጤና መጠበቅም አለብን።

አደጋው የት ነው?

እግራችን ሥር የሚከማቸው ወፍራም ሰጋቱራ ዋናው ችግር አይደለም። የሚያሰጋው በብርጭቆ ወረቀት ስንፈትግና በማሽን ስንቆርጥ የሚነሳው፣ ለዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ነው። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስንተነፍስም ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል፤ በተለይ ከአፍንጫ ካንሰር ጋር ይያያዛል። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ደግሞ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ሙጫ አላቸው።

አለርጂው እንዴት ይጀምራል?

አለርጂ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። ሰውነት ለወራት ወይም ለዓመታት ብናኙን ሲለማመድ ቆይቶ አንድ ቀን ይቆጣል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ብናኝም ይበቃዋል። ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ሌሊት የሚብስ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ምልክቶቹ ናቸው። በዕረፍት ቀን የሚሻላችሁ፣ ሥራ ስትጀምሩ የሚመለስባችሁ ከሆነ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እንጨት እንደምትሠሩም ንገሩት።

ምን እናድርግ?

1. ከተቻለ መቁረጥና መፈተግን ደጅ፣ ነፋሱ ብናኙን ከእኛም ከቤቱም በሚያርቅበት ቦታ እንሥራ።

2. መላጊያ የሚበቃበት ቦታ በመላጊያ እንጠቀም፤ የሚያወጣው ፍቅፋቂ ስለሆነ አየር ላይ አይንሳፈፍም።

3. ወለሉን ውሃ ሳናርከፈከፍ አንጥረግ። ልብሳችንንም በኮምፕሬሰር አየር አናራግፍ።

4. ኤን 95 ጭምብል እናድርግ። ሻርፕ፣ ኒቃብ ወይም ተራ የሕክምና ጭምብል ደቃቁን ብናኝ አያስቀሩም። ጺም ያለው ወንድም ኤን 95ም ቢሆን ፊቱ ላይ በደንብ ስለማይገጥምለት፣ ከላይ ያሉትን ሦስቱን አብልጦ ይያዝ።

5. የሥራ ልብስ ደጅ ይቅር፤ ሕፃን ከማቀፋችን በፊት እንታጠብ። በውዱእ ጊዜ ውሃ ወደ አፍንጫ ማስገባት አፍንጫ ውስጥ የቀረውን ያጥባል፤ ሳንባ የደረሰውን ግን አያወጣም።

6. የኤምዲኤፍና የቺፑድ ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ለእናቶች ምድጃ አይሰጥ፤ ጭሱ መርዛማ ነው።

ለዓመታት እየሳሉ «አቧራ ለምጃለሁ» የሚሉ አባት ካሉን ይህን በአክብሮት እንንገራቸው። ሳንባ አቧራ አይለምድም። ስንመለስ አንድ ጭምብል ለራሳችን፣ አንድ ለእሳቸው ይዘን እንሂድ።

አላህ ጤናችንንና የወላጆቻችንን ጤና ይጠብቅልን። አሚን።