የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ስለ ማደንዘዝ

በከምባታ ምድር፣ በሺንሺቾ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ ጥርሱን የሚያመው ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሣው በኋላ ነው። ከሕመሙ ይልቅ መነቀሉን ይፈራልና። ቀድሞ የተነቀለ ጎረቤት «መርፌው አልያዘኝም» ብሎ ካወራለት ደግሞ ጉንጩ እስኪያብጥ ድረስ ይቆያል። ስለዚህ በሚገባ ማደንዘዝ ሕመምተኛው ለመምጣቱም ሆነ ለመቅረቱ ምክንያት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የላይኛው መንጋጋ እንዴት እንደሚደነዝዝ፣ ሳይደነዝዝ ሲቀርም ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን።

አስቀድሞ የዐጥንቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የታችኛው መንጋጋ ዐጥንት ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ መድኀኒቱ በቀላሉ አይሰርገውም፤ ስለዚህ ለኋለኞቹ ጥርሶች ሐኪሙ ነርቩ ወደ ዐጥንቱ በሚገባበት በር አጠገብ ይወጋል። የላይኛው ዐጥንት ግን ስስና ባለ ብዙ ቀዳዳ ነው። መርፌው ጉንጭና ድድ በሚገናኙበት እጥፋት ላይ፣ በጥርሱ ሥር ጫፍ ትይዩ ቢገባ፣ መድኀኒቱ ዐጥንቱን ሰርጎ ነርቩን ያገኘዋል።

ይህ ቀላል ሥራ በሦስት ምክንያቶች ሊበላሽ ይችላል።

አንደኛው ላንቃን መርሳት ነው። ለላይኛው ጥርሶች ስሜት የሚሰጡት የአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሁለተኛ ክፍል ቅርንጫፎች ናቸው። ላንቃው ግን የራሱ ቅርንጫፎች አሉት፤ አንዱ ከፊት ጥርሶች በስተኋላ፣ ሌላው ከኋለኞቹ መንጋጋ ጥርሶች አጠገብ ይወጣል። በጉንጭ በኩል ብቻ ተወግቶ የሚነቀል ሰው በላንቃው በኩል ሊያመው ይችላል። የላንቃ ሥጋ ከዐጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ እዚያ ጥቂት ጠብታ በዝግታ መስጠት ይበቃል።

ሁለተኛው የፊተኛው ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ነው። በሥሮቹ ላይ የጉንጭ ዐጥንት እግር ያርፍበታል፤ ሥሮቹንም ሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎች ሊከፋፈሏቸው ይችላሉ። ስለዚህ ከጥርሱ ፊትና ኋላ በሁለት ቦታ መውጋት ይጠቅማል።

ሦስተኛው መግል ነው። የተቆጣ ሥጋ አሲድ ይበዛበታል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ነርቩ ዘልቆ ሊገባ የሚችለው የመድኀኒቱ ክፍል ያንሳል። መርፌውን በእብጠቱ ውስጥ መስደድ አይገባም፤ ከእብጠቱ ርቆ፣ ነርቩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መውጋት ይሻላል።

መድኀኒቱ ሊዶካይን ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሠራው። ከዚያ በፊት፣ በ1884 ዓ.ም.፣ ካርል ኮለር በቪየና ኮኬይንን ለዐይን ማደንዘዣ አድርጎ ነበር። 2 በመቶ የሆነ ሊዶካይን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም አለው። አድሬናሊን ሳይጨመርበት ለ1 ኪሎ ክብደት ከ4.4 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ ከ66 ሚሊ ግራም፣ ማለት ከ3.3 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ስለዚህ ሕፃንን ሳይመዝኑ መውጋት አደገኛ ነው። መርፌው የደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ለማረጋገጥም አስቀድሞ ወደ ኋላ መሳብ፣ ከዚያም 1 ሚሊ ሊትሩን በ1 ደቂቃ ያህል በዝግታ መስጠት ይገባል።

ከዚህ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል መታገሥና ድዱን በሁለቱም በኩል ነክቶ መመርመር ያስፈልጋል። ማደንዘዣው ሕመምን እንጂ የመገፋትን ስሜት እንደማያጠፋ ለሕመምተኛው አስቀድሞ፣ በከምባትኛም ቢሆን በሚሰማው ቋንቋ፣ ሊነገረው ይገባል። ይህን ካወቀ በኋላ «ያመኛል» ቢል ግን ፈሪ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም። የተረሳው ላንቃው ወይም ሁለተኛው ሥር ሊሆን ይችላልና፣ ሐኪሙ መንቀያውን አስቀምጦ እንደገና ያደንዝዝ። ያን ቀን ሳይጮኽ የተነቀለ ሰው ለጎረቤቱ የሚያወራው ከማንኛውም ምክር ይልቅ ይሰማል።