ስለ ትንሽ የናፍጣ ትራክተር የነዳጅ አጠባበቅ

በአርሲ ደጋ የስንዴ ዘር የሚዘራበት ጊዜ አጭር ነው። የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ካለዘበው በኋላ ማሳው ተለስልሶ ዘሩ የሚገባበት ጥቂት ሳምንት ብቻ ሲሆን፥ ይህ ጊዜ ያለፈበት ገበሬ እሸቱ ሳይጠና ዝናቡ ሊቋረጥበት ይችላል። በዚህ ሰሞን አንድ ትራክተር በማሳ መካከል ቆመ ማለት የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ተከራይተው ተራ የሚጠብቁት የጎረቤቶቹም ሥራ ቆመ ማለት ነው። ምክንያቱ ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ብረት አይገኝም። የሚገኘው አንድ ስኒ እንኳ የማይሞላ ውሃ፥ ወይም በፊልትሮው ሥር የረጋ ጥቂት ጭቃ ነው።

ይህን ያህል ጥቂት ነገር ያን ያህል ብርቱ መሣሪያ እንዴት ሊያቆመው እንደሚችል ለማወቅ የናፍጣ ሞተርን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ሠርቶ ያሳየው ሞተር፥ እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ዛሬ በእርሻ ላይ በሚገኙት ሞተሮች ፒስቶኑ አየሩን ብቻ ከ16 እጥፍ በላይ አምቆ ሲጨምቀው፥ የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣው እንደ ጉም ደቅቆ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ናፍጣው ካልደቀቀ በደንብ አይነድም፤ ለማድቀቅ ደግሞ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ከ1964 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ የተሠራውን ማሴይ ፈርጉሰን 135 መመልከት ይቻላል። ይህ ትንሽ ትራክተር በናፍጣ የሚሠራ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው ሲሆን፥ ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮቹ የሚከፈቱት ወደ 170 ባር በሚጠጋ ግፊት ነው። ይህም የመኪና ጎማ ከሚይዘው የአየር ግፊት ከ60 እጥፍ በላይ ይሆናል። ግፊቱን የሚሰጠው ፖምፓ በውስጡ የሚንሸራተቱ ብረቶች ያሉት ሲሆን፥ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም፤ ከሰው ጠጉር ውፍረት አሥረኛ እጅ በታች ነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ ፖምፓው የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ሳይሆን በውስጡ በሚያልፈው በራሱ በናፍጣው ነው። ስለዚህ በናፍጣው ቦታ ውሃ በገባ ጊዜ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ዝገትም ይጀምራል። ዋጋው ይቀንሳል በማለት ናፍጣውን ከላምባ ጋር የሚቀላቅል ነጋዴ ወይም ባለ ትራክተርም ላምባ የማለስለስ ኀይሉ አነስተኛ ስለ ሆነ ያንኑ ጉዳት ያመጣል።

እንግዲህ ውሃው ከየት ይመጣል? አብዛኛው ሰው ከነዳጅ ሻጩ ነው ይላል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ዳሩ ግን ትልቁ በር በራሱ በባለ ትራክተሩ ግቢ የሚቆመው በርሜል ነው። በርሜሉ ቀጥ ብሎ በደጅ የቆመ እንደ ሆነ ዝናቡ በላይኛው ከንፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ በክዳኑ ዙሪያ ይወጣል፤ ሌሊት ብርድ ሲሆን ደግሞ አየሩ ስለሚኰማተር በርሜሉ በክዳኑ ላይ የተኛውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ክዳኑ ለዓይን የጠበቀ መስሎ ቢታይም ይህ ይሆናል። እንደ አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ ስለሚራራቁ፥ በርሜሉ በየቀኑ እንዲህ ይተነፍሳል።

ሁለተኛው በር የትራክተሩ ሰልባትዮ ነው። ነጂው ማታ ሰልባትዮውን በግማሽ ትቶት ያደረ እንደ ሆነ፥ ባዶውን ግማሽ የያዘው እርጥብ አየር ሌሊት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ጤዛውም ተንጠባጥቦ ከናፍጣው ሥር ይተኛል። ውሃ ከናፍጣ ይልቅ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦም የሚጀምረው ከሥር ነው። ውሃው ከቆየ ደግሞ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ይራባሉ፤ የእነርሱም ዝቃጭ እንደ ጥቁር ንፍጥ ሆኖ ፊልትሮውን ይደፍናል።

መድኀኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በርሜሉ ከጣራ ሥር በእንጨት ላይ ቢጋደም መልካም ነው። የግድ መቆም ካለበትም ክዳኑ ከፍ ባለው ወገን እንዲሆን ከሥሩ በአንድ በኩል እንጨት ተደርጎ ያዘነብላል። ከከተማ ተጭኖ የመጣ በርሜል በመንገድ ሲናጥ ስለ ዋለ፥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ሊረጋ ይገባዋል። የሚስበው ቱቦ ከበርሜሉ ወለል 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቆም አለበት፤ ከሥር የሚቀረው ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል እንጂ ወደ ሰልባትዮ አይገባም። እንደ ቤት ቆርቆሮ በዚንክ በተለበጠ ዕቃ ናፍጣ ማስቀመጥም አይገባም፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋር ተዋሕዶ ዝቃጭ ይፈጥራልና። ሰልባትዮው የሚሞላው ጧት ሳይሆን ማታ ከሥራ መልስ ነው። ይህች አንዲት ልማድ ብቻ ጤዛው የሚሠራበትን ባዶ ቦታ ታጠፋለች።

ጧት ነጂው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ከፊልትሮው በታች ወይም ከትንሹ ናፍጣ ሳቢ ፖምፓ ላይ ያለውን ብርጭቆ መመልከት አለበት። ውሃ ካለ ከናፍጣው በታች ተለይቶ ይታያል፤ ያን ጊዜ ብርጭቆው ይጸዳል። ፊልትሮው የሠሪው መጽሐፍ ባዘዘው ሰዓት ይለወጣል፤ አቧራ በበዛበት አገር ግን ከዚያ አስቀድሞ ቢለወጥ ይሻላል። ከመፈታቱ በፊት በዙሪያው ያለው አቧራ መታጠብ አለበት፤ አሮጌው የጎማ ቀለበትም በአዲስ ይተካል። የወረቀት ፊልትሮ በቤንዚን አጥበው መልሰው የሚያስገቡ አሉ፤ ቁጠባ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ሳይታይም ቆሻሻውን በቀጥታ ወደ ፖምፓው ያሳልፋል።

ፊልትሮ ከተለወጠ ወይም ናፍጣው እስኪያልቅ ከተነዳ በኋላ በቱቦዎቹ ውስጥ አየር ይገባል። አየር ስለሚታመቅ ፖምፓው ቢጨምቀውም ኢንጀክተሩን አይከፍተውም፤ ብዙ ነጂዎች ባትሪው እስኪሞት ሞተሩን በከንቱ የሚያዞሩት በዚህ ጊዜ ነው። አየሩን ማስወጣት ግን ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ አይሻም። አስቀድሞ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ይላላል፤ ከዚያም የናፍጣ ሳቢው ፖምፓ የእጅ ማንሻ ይመታል። ማንሻው ካልሠራ ሞተሩ ጥቂት ይዞር፤ የውስጡ ጥርስ ይዞት ሊሆን ይችላልና። አረፋ የሌለበት ናፍጣ ሲወጣ ቡሎኑ ይጠብቃል። ቀጥሎ በትልቁ ፖምፓ ላይ ያሉት የአየር ማስወጫዎች፥ አስቀድሞ የታችኛው ከዚያም የላይኛው፥ በዚሁ ዓይነት ይለቀቃሉ። በመጨረሻም ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት ቱቦዎች ዳዶ ጥቂት ተላልቶ፥ ናፍጣው እስኪታይ ሞተሩ ይዞራል፤ ዳዶዎቹም ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ ሲሠራ እጅና መፍቻ ንጹሕ መሆን አለባቸው፤ ለመጥረግም ጥጥ አይያዝም፤ ክሩ በቱቦ ውስጥ ይቀራልና።

እዚህ ላይ ነጂዎች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ አደጋ አለ። ሞተሩ ሲሠራ ከከፍተኛ ግፊት ቱቦ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳን እንደ መርፌ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ነጥብ የምታህል ስለ ሆነች ብዙ ሰው ይንቃታል፤ ነገር ግን ናፍጣው በሥጋ ውስጥ ተሰራጭቶ ጣትን እስከ ማስቈረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም፤ ወረቀት ወይም ካርቶን ይያዝበታል። የተወጋ ሰውም ሕመም ባይሰማው እንኳ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ሄዶ፥ የተወጋው በግፊት በተረጨ ናፍጣ መሆኑን መናገር አለበት።

ሞተሩ ሥራ ሲፈታ ድምፁ ደኅና ሆኖ ማረሻው መሬት ሲገባ ብቻ ኀይል የሚያንሰው ከሆነ፥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተደፈነ ፊልትሮ ነው። ጥቁር ጭስ ከበዛ የአየር ማጣሪያው ይታይ። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ናፍጣው በደንብ አለመንደዱን ያመለክታል፤ ሰማያዊው ግን የዘይት ነገር ነው። አንዳንድ መካኒክ እነዚህን ሳያይ ፈጥኖ ፖምፓውን ይፈታል። ይህ ሊፈቀድለት አይገባም፤ ፖምፓ የሚከፈተው ንጹሕ ክፍልና የግፊት መለኪያ ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ነገሩ የነጂው ብቻ አይደለም። በመንግሥት እርሻም ሆነ በኅብረት ሥራ ማኅበር፥ ናፍጣ ተረክቦ በሊትር የሚያድለው የመጋዘን ሠራተኛ መዝገቡ ልክ መሆኑን ብቻ ይጠየቃል፤ ስለ ናፍጣው ጥራት ግን ብዙም የሚጠይቀው የለም። ከበርሜሉ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ እንደ ጉድለት የሚቈጠርበት ከሆነ፥ ሠራተኛው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ማደሉ አይቀርም። ስለዚህ ለዝቃጭ የሚተው መጠን በደንቡ እንዲፈቀድለት ያስፈልጋል። ዛሬ የሚገቡት አዳዲስ ትራክተሮች ብዙዎቹ ከ1,000 ባር በላይ በሚሠራ ግፊት የሚረጩ ስለ ሆኑ፥ የድሮው ሞተር ታግሦት የነበረውን ቆሻሻ እንኳ አይታገሡም።

ከአጨዳ በኋላ እስከሚቀጥለው እርሻ የሚቆም ትራክተርም ሰልባትዮው እስከ አፉ ተሞልቶ፥ ብርጭቆው ጸድቶ፥ አዲስ ፊልትሮ ገብቶለት፥ ንጹሑ ናፍጣ በፖምፓውና በኢንጀክተሮቹ ውስጥ እንዲያልፍ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ከጣራ ሥር ይቁም።