ልጅ የግል ትምህርት ቤት ከማስመዝገባችሁ በፊት፦ ከይፋግ እስከ ባሕር ዳር ያለ ቤተሰብ ሊጠይቃቸው የሚገቡ 5 ነገሮች

ሐምሌ ሲገባ ቴሌግራማችን በማስታወቂያ ይሞላል። "ምዝገባ ጀምረናል"፣ "የቀረን ቦታ ጥቂት ነው"፣ "ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ እንሰጣለን"። ፎቶው ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ግቢ፣ ከታች ስልክ ቁጥርና የባንክ አካውንት።

ይህን ማስታወቂያ መጀመሪያ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ አባት ወይም እናት አይደሉም። እናንተ ናችሁ። በብዙ ቤት ስማርት ስልክ የያዘው ትልቁ ልጅ ነው፤ ደውሎ የሚጠይቀውም፣ በቴሌብር የሚከፍለውም እሱ ወይም እሷ ነች። አባት "እስኪ አንተ እየው፣ አንተ ታውቃለህ" ይላሉ። በቃ፣ የታናሽ እህታችሁ ወይም የታናሽ ወንድማችሁ ትምህርት እጃችሁ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በዋናነት ያዘጋጀነው ለእናንተ ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ፣ የት ሄዳችሁ እንደምታጣሩ አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ፦ ሰው ለምን ወደ ግል ይሮጣል?

በክልላችን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ያለ ቤተሰብ አቅም ካለው ልጁን ዘመድ ወዳለበት ከተማ ይልካል። ከይፋግ የተነሳ ሰው በወረታና በሐሙሲት አልፎ ባሕር ዳር ይገባል፤ እዚያ አክስት ወይም ታላቅ ወንድም ካለ ልጁን እሱ ጋ አሳድሮ የግል ትምህርት ቤት ማስገባት እንደ መፍትሔ ይታያል።

ሁለተኛው ምክንያት የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ብቻ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ግን "ግል" የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ጥራት ምንም አይናገርም። ባለቤቱ መንግሥት አይደለም ማለት ነው እንጂ ትምህርቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው መጠየቅ ነው።

1. ፈቃዱ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው?

ከአምስቱ አንዱን ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢኖራችሁ ይህንን ጠይቁ።

ብዙ ሰው "ፈቃድ አላችሁ?" ብሎ "አዎ" ሲባል ይረካል። ችግሩ የትምህርት ቤት የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በደረጃ መሆኑ ነው። አሁን ባለው አደረጃጀት ቅድመ አንደኛ ለብቻው ነው፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። እስከ 6ኛ የተፈቀደለት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍልን ለመክፈት ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የተሰጠው ፈቃድም በየጊዜው ይታደሳል።

"የ7ኛ ክፍል ፈቃድ በሂደት ላይ ነው፣ አትጨነቁ፣ ይመጣል" ከተባላችሁ እዚህ ጋ ቁሙ። ልጁ 8ኛ ክፍል ሲደርስ ለክልላዊው ፈተና፣ ቤተሰብ "ሚኒስትሪ" ለሚለው፣ የሚመዘገበው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው። ትምህርት ቤቱ ለዚያ ደረጃ ዕውቅና ከሌለው ልጁ የተማረው ዓመት ማረጋገጫ ያጣል። ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ የልጁ ዓመት አይመለስም።

የት ይጣራል? ባሕር ዳር ከሆነ የከተማው አስተዳደር ትምህርት መምሪያ፣ ይፋግና አካባቢው ከሆነ የሊቦ ከምከም ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። የምትጠይቁት አጭር ነው፦ "ይህ ትምህርት ቤት ለዚህ ክፍል ዘንድሮ የታደሰ ፈቃድ አለው ወይ?" ትምህርት ቤቱ ውስጥም ፈቃዱ የት እንደተሰቀለ ጠይቁ፣ ቀኑንና ደረጃውን አንብቡ፣ ከተፈቀደላችሁ ፎቶ አንሱ። ደህና ትምህርት ቤት በዚህ አይቆጣም።

2. ጠቅላላ የዓመቱ ወጪ ስንት ነው?

ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ወርሃዊ ክፍያ ነው። ቤተሰብ የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። እስኪ በምሳሌ እናስላው (ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ነው፣ የማንም ትምህርት ቤት ዋጋ አይደለም)፦

ወርሃዊ ክፍያ 1,000 ብር፣ ለ10 ወር — 10,000
መመዝገቢያ — 800
መጽሐፍና ደብተር — 1,500
ዩኒፎርም — 1,800
ሰርቪስ በወር 700፣ ለ10 ወር — 7,000
ድምር — 21,100 ብር

ይህን ለ10 ወር ስታካፍሉት 2,110 ብር ይመጣል። "የ1,000 ብር ትምህርት ቤት" የተባለው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ልጁ ዘመድ ቤት የሚያድር ከሆነ ደግሞ የምግቡና የትራንስፖርቱ አለ። "አክስቴ ቤት ነው፣ ወጪ የለውም" አትበሉ፤ አክስትም ጤፍ የምትገዛው በገንዘብ ነው።

ሌላው ወጪው የሚጠየቅበት ወቅት ነው። መመዝገቢያው፣ መጽሐፉ፣ ዩኒፎርሙና የመጀመሪያው ክፍያ አንድ ላይ ነሐሴና መስከረም ላይ ይመጣሉ። በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ ግን በዚያን ሰዓት ጎተራው ባዶ ነው፣ ሩዙ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ገንዘብ የሚያየው ከኅዳር ወዲህ ነው። በዚህ መሀል ብዙ ቤተሰብ ይበደራል ወይም በሬና ላም ይሸጣል። ስለዚህ "በተርም መክፈል ይቻላል ወይ? ከምርት በኋላ የሚከፈል ቢኖርስ?" ብላችሁ አስቀድማችሁ ተደራደሩ። ሁሉም እሺ አይልም፤ ሳይጠየቅ እሺ የሚል ግን የለም።

ይህም መብት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ጠቅላላውን ወጪ በጽሑፍ ስጡኝ ማለት ንትርክ አይደለም።

3. ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ?

"አምና ተማሪያችን 95 አመጣ" የሚል ባነር ብዙ ጊዜ ታያላችሁ። ደስ ይላል፣ ግን የአንድ ልጅ ውጤት ነው። 60 ልጆች ተፈትነው አንዱ 95 አምጥቶ 40ዎቹ ወድቀው ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ባለፈው ዓመት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስንት ልጅ አስፈተናችሁ? ስንቱ አለፈ?" ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ስለ 12ኛ ክፍል እንደዚሁ።

ለምን በፈተና? የትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ ያለውን ውጤት የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ራሱ ስለሆነ ነው። በየተርሙ 90 እያመጣ ያደገ ልጅ ክልላዊ ወይም አገር አቀፍ ፈተና ላይ ግራ ሲጋባ ማየት የተለመደ ነው። ውጭ የታረመ ፈተና ግን የማንንም ፊት አያይም።

ኢንስፔክሽንም አለ። ትምህርት ቤቶች፣ የግሎቹም ጭምር፣ እየተመዘኑ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይሰጣቸዋል፤ 4 ከፍተኛው ነው። "በመጨረሻው ኢንስፔክሽን ስንተኛ ደረጃ አገኛችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከተቻለ ደግሞ በትምህርት ሰዓት ሂዱና በዓይናችሁ እዩ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ውሃ አለ? የሴቶች መጸዳጃ ለብቻው ነው? መምህራኑ ስንት ዓመት ቆይተዋል? መምህር በየዓመቱ የሚለቅበት ቤት የጎደለው ነገር አለ።

4. "በእንግሊዝኛ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ወላጅን በቶሎ የሚማርከው ይህ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ከመንግሥት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍልን በአማርኛ ጨርሶ የሚመጣ ልጅ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተማር ሲባል ምን ይሆናል? ሒሳብ የሚችለው ልጅ ጥያቄው ስላልገባው ብቻ "ሰነፍ" ይባላል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሰጥቶ ልጁን አንድ ክፍል ዝቅ ያደርጋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመንግሥቱን ሥርዓተ ትምህርት ታስተምራላችሁ ወይስ በሌላ መጽሐፍ ነው? ለአዲስ ገቢዎች ማጠናከሪያ አለ? ማጠናከሪያው በነፃ ነው ወይስ በክፍያ? መልሱን ስትሰሙ ልጁንም አማክሩት። አዲስ ከተማ፣ አዲስ ቤት፣ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ጓደኛ በአንድ መስከረም ለአንድ የ10 ዓመት ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም።

5. ቢቋረጥስ? ብንወጣስ?

ይህን ሲመዘገብ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በእኛ አካባቢ ግን ግዴታ ነው።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ እንደሚችል ሁላችንም አይተናል። በኮሮና ጊዜ ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሲዘጋ "ልጁ ሳይማር ለምን እንከፍላለን?" የሚል ክርክር ተነሳ፤ ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ የወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ቀድሞ የተጻፈ ውል የያዘ ወላጅ ብዙ አልነበረም። ዛሬ መንገድ ቢዘጋ፣ ትምህርት ቢቋረጥ፣ ልጁ ከይፋግ መመለስ ቢያቅተው ክፍያው እንዴት ይሆናል? መመዝገቢያው ይመለሳል? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

ሌላው መሸኛ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር መሸኛና ካርድ ያስፈልገዋል። ክፍያ የቀረበት ልጅ ሰነዱ ሊያዝበት ይችላል፤ ያለ መሸኛ ደግሞ ሌላው ትምህርት ቤት ለመቀበል ያንገራግራል። በመሀል አቅም ቢያንሳችሁ ምን እንደሚደረግ ቀድማችሁ እወቁ። ከአሁኑ ትምህርት ቤት ስትወጡም መሸኛውን፣ የሁሉንም ዓመት ካርድ፣ የልደት ሰርተፍኬቱንና የክትባት ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ወረቀት ይጠፋል።

ገንዘቡ ሲወጣ

ሁሉን አጣርታችሁ ከወሰናችሁ፣ ክፈሉ። ግን በትምህርት ቤቱ ስም ወደተከፈተ አካውንት ይሁን። "ለጊዜው በእኔ ስም ላኩት" ከተባላችሁ አትላኩ። የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክቱን አታጥፉ፣ ስክሪንሾት አንሱና ለአባትም ላኩላቸው። ከዚያ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ስክሪንሾት ገንዘብ እንደላካችሁ ያሳያል፣ ለምን እንደላካችሁ የሚያሳየው ደረሰኙ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤትስ?

ጥያቄዎቹን ጠይቃችሁ መልሱ ካላረካችሁ፣ ልጁን በአቅራቢያው ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ማቆየት ውርደት አይደለም። ለግል ሊከፈል ከታሰበው ገንዘብ ትንሹ እንኳ አንድ ጎበዝ አስጠኚ ይቀጥራል፣ መጽሐፍ ይገዛል፤ ልጁም እናቱ ቤት ያድራል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከሆነ ግን ምርጫው ሌላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ችኮላ ጥያቄውን አያስቀርም።

ይፋግ ከጥንት ጀምሮ በገበያዋ የታወቀች ናት፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን ነጋዴ ከሩቅ ይመጣባት ነበር። የይፋግ ሰው ገበያ ያውቃል። ሽንኩርት እንኳ ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይቶ አይከፍልም፤ እጁን ከታች ሰዶ ያወጣል። ለልጅ ትምህርትም እንደዚያው ነው። ባነሩ የጆንያው አፍ ነው። እጃችሁን ወደ ታች ስደዱ።

ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፣ ዘንድሮ ልጅ ለሚያስመዘግብ ዘመድም ላኩለት። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ አንብቡላቸው።