ክሊን ወይስ ክራንች? ለወሎ ጊታር አምፕሊፋየር ስንመርጥ

ጊታር ገዝቶ ስለ አምፕሊፋየሩ የማይጨነቅ ሰው፣ በሬ ገዝቶ ሞፈርና ቀንበር የረሳ ገበሬን ይመስላል። ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ከክራር ያነሰ ድምፅ ነው ያለው። በአዳራሽ ወይም በድንኳን ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ግማሹ የሚሠራው ከተጫዋቹ ኋላ በተቀመጠው ሣጥን ውስጥ ነው። ሆኖም በአገራችን ስለ ጊታር ሲነሣ የተጫዋቹ ጣት ይወደሳል እንጂ ስለዚያ ሣጥን ብዙም አይወራም።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ከመርሳ የደረሰኝ ጥያቄ ነው። በሀብሩ ወረዳና በወልዲያ ሠርግና ምርቃት ላይ የሚጫወቱ ወጣቶች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የሙዚቃ መሣሪያዎቻቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ ዕቁብ ገብተው ለአንድ አምፕሊፋየር የሚበቃ ገንዘብ አጠራቀሙ። ምርጫቸውን ወደ ሁለት አጥብበው፣ "ጋሼ፣ ከሮላንድ ጄሲ-40 እና ከቮክስ ኤሲ-15 የቱን እንግዛ?" ሲሉ ጠየቁኝ። ሁለቱም ስመ ጥር ናቸው። ገንዘቡ ግን አንዴ ከወጣ ተመልሶ የሚገኝ ስላልሆነ፣ መልሱ በ"ይሄኛው ደስ ይለኛል" የሚያልቅ አይደለም።

ክሊን ምንድን ነው? ክራንችስ?

የአምፕሊፋየር ሥራ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ማጉላት ነው። የምልክቱን ቅርጽ ሳይለውጥ ካጎላው፣ እያንዳንዱ ክር ለብቻው የሚለይበት ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል። ጊታሪስቶች ክሊን የሚሉት ይህን ነው። ምልክቱ አምፕሊፋየሩ ከሚችለው በላይ ሲሆን ደግሞ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ያኔ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ተጨማሪ ድምፆች ይወለዳሉ፣ ድምፁም ይሻክራል። ሻካራነቱ ጥቂት ሆኖ፣ ክሩን ቀስ ብለን ስንነካው ለስለስ፣ ጠንከር አድርገን ስንመታው ቆጣ የሚል ከሆነ ክራንች ይባላል። ከዚያ ሲያልፍ የሮክ ሙዚቃው ዲስቶርሽን ይሆናል።

የሻከረ ድምፅ ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። የበገናን ድምፅ የሚያስነዝረው በአውታሩና በማረፊያው መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። ያለ እሷ በገና በገና አይመስልም። ነገር ግን የበገና አውታሮች በአብዛኛው አንድ በአንድ የሚነኩ መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ስለ ቅኝት ስናነሣ ያስፈልገናል።

ሁለቱ ሣጥኖች

ጄሲ-40 በትራንዚስተር የሚሠራ ነው። የዘሩ መነሻ የሆነው ጄሲ-120 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975፣ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር "ኧረ መላ መላ"ን በቀረጸበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ጄሲ በዓለም ዙሪያ እንደ ክሊን ድምፅ መለኪያ ሲታይ ኖሯል። ትንሹ ጄሲ-40 ጉልበቱ 40 ዋት ሲሆን፣ ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች አሉት፤ ክብደቱም ወደ 16 ኪሎ ነው። የራሱ ዲስቶርሽን ማዞሪያ ቢኖረውም ብዙ ጊታሪስቶች አይወዱትም።

ኤሲ-15 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ የተወለደ ነው። ታላቅ ወንድሙን ኤሲ-30ን ዓለም ያወቀው በቢትልሶች ነው። በውስጡ በድሮዎቹ ትልልቅ ሬዲዮኖች ውስጥ እንደነበሩት ዓይነት የመስታወት ቫልቮች አሉ። 15 ዋት ነው፤ የተለመደው ሞዴል አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለውና ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነው። ቫልቭ ሲጨናነቅ የሞገዱን ጫፍ በድንገት ከመቁረጥ ይልቅ ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። ስለዚህ ክራንቹ ለጣት ይታዘዛል፤ የጊታሩን የድምፅ ማዞሪያ ወደ ግማሽ ሲመልሱት ድምፁ ወደ ክሊን ይመለሳል።

እዚህ ላይ ዋት ብዙ ሰው ያሳስታል። 40 ዋት ከ15 ዋት ሦስት እጥፍ ገደማ ይጮኻል ማለት አይደለም። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 ዴሲቤል ገደማ ነው። ዋናው ጥያቄ ክሊኑ እስከ የት ይቆያል የሚለው ነው። ከበሮና ኪቦርድ በሚጮኽበት ድንኳን ውስጥ ጊታሩ እንዲሰማ ኤሲ-15ን ከፍ ሲያደርጉት፣ ተጫዋቹ ፈለገም አልፈለገም መሻከር ይጀምራል። ጄሲ-40 በዚያው ከፍታ ጥራቱን እንደያዘ ይቀጥላል።

ቅኝቱ ምን ይላል?

ወሎ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በስሙ የሚጠሩበት አገር ነው። አምባሰል ለሀብሩ ጎረቤት ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አምፕሊፋየር ሲመረጥ ቅኝቱም ድምፅ ሊሰጥ ይገባል።

ሁለት ድምፆች በአንድነት በሚሻክር አምፕሊፋየር ውስጥ ሲያልፉ፣ ከሌሎች ተጨማሪ ድምፆች ጋር የሁለቱ ልዩነት የሆነ አዲስ ድምፅ ይፈጠራል። በሰከንድ 220 ጊዜ የሚርገበገበውን ኤ እና 330 ጊዜ የሚርገበገበውን ኢ አብረን ብንመታ ልዩነታቸው 110 ነው። ይህም ያው ኤ፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ድምፁ ይወፍራል፣ ያምራል። ነገር ግን ኤን ከቀጣዩ ግማሽ ድምፅ፣ 233 ጊዜ ከሚርገበገበው ቢ ፍላት ጋር ብንመታ ልዩነቱ 13 ነው። ይህ ዜማ ሆኖ አይሰማም፤ የሚሰማው መንቀጥቀጥና ጭቃ ነው።

አምባሰል ከሲ ሲጀምር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ነው። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ድምፅ ተጠጋግተዋል። አንቺሆዬም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ቅኝቶች አንዱ ክር ሳይጠፋ ሌላውን ደርበን የምንጫወት ከሆነ ክራንች ውበታቸውን ይበላዋል። ግማሽ ድምፅ የሌለበት ሜጀር ትዝታ ግን ክራንችን በደንብ ይሸከማል። በየትኛውም ቅኝት ዜማውን እንደ በገና አንድ በአንድ ካወጣነው፣ ክራንች ጌጥ ይሆናል። ባጭሩ ክሊን ሁልጊዜ ያስፈልጋል፤ ክራንች አልፎ አልፎ።

መብራትና መንገድ

ካታሎግ ላይ የማይጻፈው ጉዳይ ይህ ነው። ሠርግ ላይ ኃይል የሚመጣው ከጎረቤት ቤት በተጎተተ ረጅም ገመድ ወይም ከአነስተኛ ጄኔሬተር ነው። ቮልቴጁ ሲዋዥቅ የቫልቭ አምፕሊፋየር ድምፁም ዕድሜውም ይነካል። ቫልቮቹ ከአገልግሎት ብዛት ይደክማሉ፤ ለመተኪያ የሚሆን ወልዲያ ገበያ ላይ አላየሁም። ከዋናው አስፋልት ወጣ ባለ የገጠር መንገድ በአይሱዙ ጀርባ የሚደርስባቸው መንገጫገጭም አይጠቅማቸውም። በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ከ300 ቮልት በላይ ስለሆነና ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ስለሚችል፣ ልምድ የሌለው ጠጋኝ ሊከፍተው አይገባም።

ታዲያ የቱ?

ለመርሳዎቹ ልጆች የመከርኳቸው ጄሲ-40ን እንዲገዙ ነው። ለክራንቹ እንደ ቦስ ብሉስ ድራይቨር ያለ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፔዳል ከፊቱ ቢያደርጉ በእግራቸው እየረገጡ ሲፈልጉ ያሻክሩታል፣ ሲፈልጉ ያጠሩታል። የቫልቩን ያህል ለጣት ባይታዘዝም ለድንኳን ይበቃል። በአንጻሩ ወልዲያም ሆነ አዲስ አበባ ቤቱ ውስጥ ወይም ስቱዲዮ ተቀምጦ ለሚቀርጽ፣ መብራቱ የተረጋጋለትና ሣጥኑን ከቦታው ለማያነሣ ጊታሪስት ኤሲ-15 የተሻለ ነው። ድንኳን ውስጥ ማይክ ተደርጎለት በሚክሰር የሚያልፍ ከሆነም የጉልበቱ ማነስ ችግር አይሆንም።

ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ። በሁለቱም ላይ አምባሰልን ተጫወቱ፤ ድምፁንም ሠርግ ላይ በምትጠቀሙበት ከፍታ አድርጉት። በሱቅ ውስጥ በለሆሳስ ሁሉም ያምራል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። እዚያ የሚሸጡት በአብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠሩ ስለሆኑ፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰኩ ወዲያው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከተጠቀማችሁም ከአምፕሊፋየሩ ፍጆታ ከፍ ያለ ይሁን።

ከሁሉም በላይ የመሬት ሽቦ ጉዳይ አለ። ሦስተኛው የሶኬት እግር ተቆርጦ ወይም መሬት ሳይያዝ ሲቀር፣ እጁ ጊታር ላይ፣ ከንፈሩ ማይክ ላይ ያለ ሙዚቀኛ በሁለቱ መካከል ሽቦ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ መሬት ያልያዘ ማይክ ነክቶ ሞቷል። ጊታሩም ማይኩም የመሬት ሽቦ ካለው ከአንድ መስመር ኃይል ይውሰዱ፤ ከመጫወታችሁ በፊትም መስመሩን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ። የትኛውም አምፕሊፋየር ቢገዛ ይህ አይቀርም።