ተመልሶ ስለሚበቅል የአከርካሪ ዕጢ

የጀርባ ሕመም የማይጎበኘው ቤት የለም። ብዙ ሰው በሥራ ብዛት ወይም በብርድ የመጣ ነው ብሎ በመታሸትና በመተኛት ያሳልፈዋል፤ አብዛኛውም በዚሁ ይሻለዋል። ነገር ግን ሕመሙ በዕረፍት የማይበርድ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ውሎ ሲያድርም የሚብስ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ጀርባን ማሳሸት አደጋ አለው።

ከምክንያቶቹም አንዱ የአጥንት ዕጢ ነው። ከዕጢዎቹ መካከል በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግዙፋን ሕዋሳት የሚገኙበት አለ፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ፣ ይልቁንም ከ20 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች የሚይዝ ነው። በጉልበት አጠገብ ይበዛል፤ በአከርካሪም ይወጣል። አጥንቱን ከውስጥ እየበላ ያሳሳዋልና አከርካሪው ሊሰበር ይችላል፤ ነርቭን ሲጫንም እግር ይደነዝዛል፣ ሽንትም ይታወካል።

ሐኪም በራጅና በኤም አር አይ ሥፍራውን ይመለከታል። ሆኖም ሥዕል ብቻውን አይበቃም። በአገራችን የሚገኘው የአከርካሪ ቲቢም እንዲሁ አጥንትን አፍርሶ ጀርባን ያጎብጣልና፣ የአንዱም መድኃኒት ለሌላው አይሆንምና፣ ናሙና ተወስዶ መመርመር ይገባዋል።

ዕጢው ተፍቆ ቢወጣ፣ የቀረው ቅሬታ እንደ አረም ሥር ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ሲቻል ሳይቆራረጥ በሙሉ እንዲወጣ ይደረጋል። የጃፓን ሐኪም ካትሱሮ ቶሚታ አንዱን የአከርካሪ አጥንት ከነዕጢው የሚያወጡበትን ጥበብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ጽፈው ገልጠዋል። ነርቭና የደም ሥር ስለሚከለክሉ ግን ይህ ለሁሉ አይቻልም። በ2013 ደግሞ ዴኖሱማብ የተባለው መድኃኒት ለዚህ ዕጢ በአሜሪካ ተፈቀደ። እርሱም አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ይገታል፤ ነገር ግን ሲቋረጥ ዕጢው ዳግመኛ ሊያድግ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

ዕጢው የሚመለሰው ይበልጡን በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ዓመታት ነው፤ አልፎ አልፎም ወደ ሳንባ ይሻገራል። እንግዲህ በሽተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ቀጠሮውን እንዳይተው መጠበቅ የቤተ ሰብ ተግባር ነው። የቀድሞው ሕመም ቢመለስ ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር፤ እግሩ ቢዝል ወይም ሽንቱ ቢታወክ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።